ለታሰሩ ስደተኞች ስንጮኽ የምንሠራቸው ስህተቶች

አሜሪካ ውስጥ አንድ ወገናችን በኢሚግሬሽን ሲያዝ የመጀመሪያው ምሽት ሁልጊዜ ይመሳሰላል። ስልክ ይደወላል፣ የቤተ ክርስቲያኑም የመስጊዱም ሰው ይሰማል፣ ፎቶግራፍ ይለጠፋል፣ ገንዘብ መሰብሰብ ይጀመራል። ይህ ደግነት ባይኖር ብዙ ሰው ማንም ሳያውቅለት አውሮፕላን ላይ ይሳፈር ነበር። ነገር ግን በዚያ ምሽት የምናደርገው እያንዳንዱ ነገር ዋጋ አለው፤ ዋጋውን የሚከፍለው ደግሞ እኛ ሳንሆን በሩ የተቆለፈበት ሰው ነው። ቀጥሎ የማነሣቸውን ስህተቶች ክፋት አልወለዳቸውም። አብዛኞቹን የምንሠራቸው ስንቸኩል ነው።

ታሪኩን ባለቤቱ ሳይፈቅድ አደባባይ ማውጣት

ከሁሉም የሚከፋው ይህ ነው ብዬ አምናለሁ። ጥገኝነት የጠየቀ ሰው በማመልከቻው ላይ የሰጠው መረጃ በምስጢር እንዲያዝ የአሜሪካ ደንብ ያዛል። ከጥቂት ልዩ ሁኔታዎች በቀር አመልካቹ በጽሑፍ ካልፈቀደ ለሌላ ወገን አይሰጥም፤ በተለይ አመልካቹ ሸሽቶት ለመጣው መንግሥት እንዳይደርስ ነው ደንቡ የወጣው። ይህን አጥር እኛ በአንድ የፌስቡክ ጽሑፍ እናፈርሰዋለን። ስሙን፣ የተወለደበትን ከተማ፣ አባል የነበረበትን ድርጅት፣ «ቢመለስ ይገደላል» የሚለውን ቃል ጭምር እንጽፋለን። እናቱና ወንድሞቹ ግን ያሉት እዚያው ነው።

ሌላም አደጋ አለ። የኢሚግሬሽን ዳኛ የአመልካቹን ታማኝነት ከሚመዝንባቸው መንገዶች አንዱ ቃልን ከቃል ማነጻጸር ነው። በማመልከቻው ላይ «በመጋቢት ታሰርኩ» ብሎ ጽፎ የአጎቱ ልጅ በቪዲዮ «በሰኔ ነው የያዙት» ካለ፣ የመንግሥት ጠበቃው ሁለቱን ጎን ለጎን አድርጎ ሊጠይቅበት ይችላል። የአጎቱ ልጅ ወሩን የተሳሳተው በቅንነት ነው፤ መዝገቡ ላይ የሚታየው ግን የቃል መለያየት ነው። ከአፍ ከወጣ አፋፍ የሚባለው እንዲህ ላለው ነገር ነው፤ ጽሑፉን ብናጠፋው እንኳ ፎቶ ያነሣው ሰው አይጠፋም።

ቅደም ተከተሉ የታወቀ ይሁን፦ መጀመሪያ የታሰረው ሰው፣ ቀጥሎ ጠበቃው፣ ከዚያ ሕዝቡ። ፈቃዱም «እሺ» በሚል አንድ ቃል አይጠናቀቅም። የትኛው ስም፣ የትኛው ፎቶግራፍ፣ የታሪኩ የትኛው ክፍል፣ በየትኛው ቋንቋ ብሎ መጠየቅ ይገባል፤ ዛሬ የፈቀደውን ነገ ሊያነሣ እንደሚችልም አስቀድሞ መንገር ያስፈልጋል። ይህን ሁሉ በማቆያው ስልክ ባንጠይቀው ይሻላል። በዚያ ስልክ የሚነገረው ሊቀዳ ይችላልና ሌላ ጆሮ እንዳለ ቆጥሮ መናገር ነው። ጠበቃው ሲጎበኘው በጽሑፍ ቢያስፈርመው መልካም ነው። ስም ሳይጠሩም ብዙ ማድረግ ይቻላል፤ «የሁለት ልጆች እናት፣ ያለ ዋስ ስምንት ወር» የሚል መፈክር ማንንም ሳያጋልጥ ጉዳዩን ይናገራል።

«ወንጀለኛ አይደለም» በሚለው መከራከር

ሰልፍ ስንወጣ ከምንይዛቸው ካርቶኖች አንዱ «ሠራተኛ እንጂ ወንጀለኛ አይደለም» ይላል። ልባችን የፈለገው ሰውየውን ማክበር ነው። ዓረፍተ ነገሩ ግን ሳንናገረው የሚናገረው ነገር አለ፦ ወንጀል ሠርቶ ቢሆን ኖሮ እሰሩት። ከእሱ ቀጥሎ ባለው አልጋ ላይ የሚተኛው ሌላው ልጃችን ግሪን ካርድ ያለው፣ ከአሥራ አምስት ዓመት በፊት ያጠፋ፣ የተፈረደበትንም ጨርሶ የወጣ ሊሆን ይችላል። የእሱ እናት አብራን ሰልፍ ላይ ቆማ ያንን ካርቶን ስታነብ አይቻለሁ። ከዚያ በኋላ አልመጣችም።

ሕጉን ማወቅ እዚህ ላይ ይጠቅማል። የኢሚግሬሽን እስር በሕግ ዓይን የወንጀል ቅጣት አይደለም፤ ጉዳዩ እስኪታይ ወይም ከአገር እስኪወጣ ሰውን ማቆየት ነው። ቅጣት ካልሆነ ደግሞ ከወንጀል ችሎት ጋር የሚመጡት ጥበቃዎች አብረው አይመጡም። በወንጀል ለተከሰሰ ድሃ መንግሥት ጠበቃ ያቆምለታል፤ በኢሚግሬሽን ፍርድ ቤት ግን ጠበቃ የማቆም መብት ያለው በራስ ወጪ ነው። ከ2007 እስከ 2012 (እ.ኤ.አ.) ውሳኔ ያገኙ መዝገቦችን የመረመረ አገር አቀፍ ጥናት፣ በእስር ላይ ከነበሩት መካከል ጠበቃ ያገኙት 14 በመቶ ብቻ እንደነበሩ አሳይቷል። የቀሩት እንግሊዝኛውንም ሕጉንም ሳያውቁ ብቻቸውን ከመንግሥት ጠበቃ ፊት ቆመዋል ማለት ነው። ይህ ጥፋት ላልሠራው ብቻ ሳይሆን ለሠራውም ግፍ ነው።

«ወንጀለኛ» የሚለው መስመርም ባለበት አይቆይም። ኮንግረስ እ.ኤ.አ. በ1996 ያወጣው ሕግ ያለ ዋስ በግዴታ የሚታሰሩትን ሰዎች ዝርዝር እጅግ አሰፋው። በጥር 2025 የጸደቀው የሌከን ራይሊ ሕግ ደግሞ ሕጋዊ ፈቃድ የሌለው ሰው ከሱቅ ዕቃ ሰርቋል ተብሎ መያዙ ወይም መከሰሱ ብቻ፣ ሳይፈረድበት፣ ለግዴታ እስር እንዲበቃ አደረገ። ትናንት ከመስመሩ ወዲህ የነበረው ሰው ዛሬ ወዲያ ሆኗል። መስመሩ ላይ ቆመን የምንከራከር ከሆነ በተገፋ ቁጥር አብረን እየተገፋን እንሄዳለን። የእኛ ጥያቄ ሌላ መሆን አለበት፦ ይህ ሰው ቀጠሮውን ለማክበር መታሰር ለምን አስፈለገው?

አንድ ነገር ልለይ። የዋስ ጥያቄ የሚሰማ ዳኛ የሚመዝነው ሰውየው ለኅብረተሰቡ አደገኛ ነው ወይ፣ ቢለቀቅ ይጠፋል ወይ የሚለውን ነው። እዚያ ላይ የአሠሪው፣ የጎረቤቱ፣ የንስሐ አባቱ የምስክርነት ደብዳቤ ትልቅ ዋጋ አለው፤ ጠበቃው ከጠየቀ በደንብ አድርገን እንጻፍ። ለአንድ ሰው ችሎት የሚጠቅመውን ቃል የዘመቻው ሁሉ መፈክር ማድረጉ ነው ስህተቱ።

«አይስ መጥቷል» የሚል ወሬ ሳያጣሩ ማሠራጨት

አይስ የሚባለው የኢሚግሬሽንና የጉምሩክ ሕግ አስፈጻሚ መሥሪያ ቤት መኪና ታየ የሚል መልእክት በቴሌግራም ሲመጣ ወዲያውኑ ማስተላለፍ ወገንን መጠበቅ ይመስላል። ቀኑና ቦታው ያልተጻፈበት መልእክት ግን ለሳምንታት ይዞራል። ፈርቶ ከሥራ የሚቀር አለ፤ ልጁን ከትምህርት ቤት የሚያስቀር አለ፤ ከሁሉ የከፋው ደግሞ የፍርድ ቤት ቀጠሮውን የሚተው አለ። በቀጠሮ ያልተገኘ ሰው በሌለበት ከአገር እንዲወጣ ሊወሰንበት ይችላል። ያልመጣውን አይስ ሲሸሽ የማባረሪያ ትዕዛዝ ወጣበት ማለት ነው።

መልእክቱ ቢያንስ ይህን ይያዝ፦ ማን በዓይኑ አየ፣ በስንት ሰዓት፣ በየትኛው መንገድ፣ ስንት ሰዎች፣ ልብሳቸው ላይ ምን ተጽፏል። ከቡድኑ አንድ ሰው ቦታው ድረስ ሄዶ ካረጋገጠ በኋላ ብቻ ይተላለፍ፤ ሐሰት ሆኖ ሲገኝም «ሐሰት ነው» የሚለው በዚያው ፍጥነት ይነገር።

አምና ያስተማርነውን ዘንድሮ ሳንመረምር መድገም

የመብት ሥልጠና ስንሰጥ «ወረቀት ካላሳዩ አትክፈቱ» ብለን የምናልፍ አለን። ጥያቄው ግን የወረቀቱ ዓይነት ነው። አይ-200 እና አይ-205 የሚባሉት ቅጾች «ማዘዣ» የሚል ስም ቢኖራቸውም የሚፈርምባቸው የመሥሪያ ቤቱ ሹም እንጂ የፍርድ ቤት ዳኛ አይደለም። ያለ ባለቤቱ ፈቃድ ቤት ለመግባት የዳኛ ማዘዣ ያስፈልጋል የሚለው ትምህርት የቆመው በሕገ መንግሥቱ አራተኛ ማሻሻያ ላይ ነው። ስለዚህ ሰዎቻችን የፍርድ ቤቱን ስምና የዳኛውን ፊርማ መፈለግ ይልመዱ፤ ወረቀቱ በበሩ ሥር ይግባላቸው ወይም በመስኮት ይታይ። በኃይል ከገቡም በር ላይ መታገል መብት ማስከበር አይደለም። «አልፈቀድኩም» ብሎ መናገር፣ ዝም ማለት፣ ጠበቃ ሳያዩ አለመፈረም፣ የሐሰት ስምም ሆነ የሐሰት ሰነድ አለመስጠት ነው ሥልጠናው።

የዋስ ጉዳይም ተለውጧል። «ቦንድ ይጠየቅለታል» ማለት ለብዙ ዓመታት የተለመደ መልስ ነበር። በመስከረም 2025 የኢሚግሬሽን ይግባኝ ቦርድ፣ ድንበር ላይ ሳይፈተሹ የገቡ ሰዎች የዋስ ጥያቄያቸውን የኢሚግሬሽን ዳኛ ሊሰማ አይችልም ሲል ወሰነ። ብዙ የፌዴራል ዳኞች ይህን አልተቀበሉትም። በዚህ የተነሣ አካልን ነጻ የማውጣት አቤቱታ በፌዴራል ፍርድ ቤት ማቅረብ ዋና መንገድ ሆነ፤ ይህ ደግሞ የተለየ ልምድ ያለው ጠበቃ ይጠይቃል። የዛሬ ሁለት ዓመት የታተመ በራሪ ወረቀት ይህን አያውቅም። ከማደላችን በፊት ጠበቃ ያንብበው።

የማቆያው በር ሲዘጋ አሸነፍን ማለት

ስደተኞች የሚታሰሩበት ቦታ ብዙ ጊዜ የፌዴራል መንግሥት ሕንፃ አይደለም። መንግሥቱ ከካውንቲ፣ ማለትም ከስቴት በታች ካለ የአካባቢ አስተዳደር፣ እስር ቤት አልጋ ይከራያል፤ ወይም ጂኦ ግሩፕና ኮርሲቪክን የመሰሉ ኩባንያዎች በውል ያስተዳድሩታል። ስለዚህ ውሉን ማስቆም ትክክለኛ የትግል መንገድ ነው። ነገር ግን የትኛውን ውል ማን ማስቆም እንደሚችል ሳያውቁ መነሣት ዓመታት ያስበላል። ኢሊኖይ እ.ኤ.አ. በ2021 የራሷ ካውንቲዎች ለኢሚግሬሽን እስር ውል እንዳይገቡ በሕግ ከለከለች፤ ካውንቲዎች ቢከሱም የፌዴራል ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት በ2022 ሕጉን አጸናው። ካሊፎርኒያ በ2019 የግል ማቆያዎችን የሚከለክል ሕግ አወጣች፤ ሌላው ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት ግን በዚያው በ2022 ይህ በፌዴራል መንግሥት ሥራ ውስጥ መግባት ነው ብሎ አልተቀበለውም። ልዩነቱ ግልጽ ነው፦ ስቴት የራሱን ካውንቲ ማዘዝ ይችላል፤ የፌዴራል መንግሥቱን ተቋራጭ ማዘዝ ግን እጅግ ከባድ ክርክር ነው። ለከተማው ምክር ቤት አቤት ከማለታችን በፊት ውሉ ላይ የማን ፊርማ እንዳለ እንይ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ውል ሲቋረጥ ውስጥ ያሉት ሰዎች ሁሉ ወደ ቤታቸው አይሄዱም። ብዙዎቹ ወደ ሌላ ስቴት ይወሰዳሉ። ሚስቱ በሳምንት አንድ ጊዜ ትጎበኘው የነበረ ሰው ለምሳሌ ጆርጂያ ውስጥ ላምፕኪን በምትባለው ትንሽ ከተማ ያለው የስቱዋርት ማቆያ ሊገባ ይችላል፤ ያ ቦታ ከአትላንታ እንኳ በመኪና ከሁለት ሰዓት በላይ ይወስዳል። ጠበቃው ይርቀዋል፣ ቤተሰቡ ይርቀዋል፣ አንዳንዴም ይግባኙን የሚያየው የፌዴራል ፍርድ ቤት ጭምር ይለወጣል። እኛ ውጭ ቆመን እያጨበጨብን እሱ በካቴና አውቶቡስ ይሳፈራል። ይህን ማሰብ ያማል።

«ይዘጋ» የሚለው ጥያቄ «ይፈቱ» ከሚለው ተለይቶ መቅረብ የለበትም። የመዝጊያው ቀን ከመድረሱ ወራት አስቀድሞ ውስጥ ያሉትን በስም ማወቅ፣ ለእያንዳንዳቸው ጠበቃ መፈለግ፣ የመፈታት ጥያቄ ማስገባት፣ ሊዘዋወሩ ነው የሚል ወሬ ሲሰማ ለማን እንደሚደወል መወሰን ያስፈልጋል። ቤተሰብ የታሰረውን ሰው ኤ ቁጥር (የኢሚግሬሽን መለያ ቁጥሩን) እና የትውልድ አገር ይዞ በመሥሪያ ቤቱ የኢንተርኔት መፈለጊያ ላይ በየቀኑ ይመልከት፤ ቦታው የተለወጠ ዕለት ለጠበቃው ይነገር። በሐምሌ 2025 የጸደቀው ሕግ ለማቆያዎች 45 ቢሊዮን ዶላር መድቧል። ይህን ያህል ገንዘብ ባለበት አንድ በር ሲዘጋ ሌላ መከፈቱ አይቀርምና፣ የምንቆጥረው የተዘጉ ሕንፃዎችን ሳይሆን ወደ ቤታቸው የገቡ ሰዎችን ይሁን።

የዋስ ገንዘብ ያለ ስምምነት መሰብሰብ

በኢሚግሬሽን ዳኛ የሚወሰነው ቦንድ ዝቅተኛው 1,500 ዶላር ነው፤ ብዙውን ጊዜ ከዚያ በብዙ ይበልጣል። ሃምሳ ሎሚ ለሃምሳ ሰው ጌጥ ነውና ገንዘቡ ይገኛል። ጠቡ የሚመጣው በኋላ ነው። ገንዘቡን የሚያስይዘው አንድ ሕጋዊ ፈቃድ ያለው ሰው በስሙ ይፈርማል፤ ጉዳዩ ሲያልቅ ገንዘቡ የሚመለሰው ለእሱ ነው፤ ታሳሪውን አቅርብ የሚለው ደብዳቤም የሚላከው ለእሱ ነው። አድራሻውን ለውጦ ሳያሳውቅ ከቀረና ደብዳቤው ካመለጠው ገንዘቡ ለመንግሥት ገቢ ሊሆን ይችላል። ከመሰብሰቡ በፊት ማን እንደሚፈርም፣ ቢመለስ ለለጋሾች ወይም ለቀጣዩ ታሳሪ እንደሚውል በወረቀት ይጻፍ።

ጠበቃ ሳይሆኑ የሕግ ምክር መስጠት

በኢሚግሬሽን ጉዳይ የሕግ ምክር መስጠት የሚችለው ጠበቃ ወይም የፍትሕ መሥሪያ ቤቱ ዕውቅና የሰጠው ወኪል ብቻ ነው። ለወንድሜ የሠራለት ፎርም ለእርስዎም ይሠራል ማለት፣ ወይም ሲተረጉሙ ታሪኩን «ማሳመር»፣ የሰውን ሕይወት መጫወቻ ማድረግ ነው። መተርጎም፣ መሸኘት፣ ልጅ መያዝ፣ ሰነድ ማሰባሰብ እንችላለን፤ እዚያ ላይ እንቁም።

ሰውየው ሲወጣ ሥራው አለቀ ማለት

በሩ ላይ ተቃቅፈን እናለቅሳለን፣ ፎቶ እንነሣለን፣ ቡድኑም ይበተናል። መዝገቡ ግን ክፍት ነው። የወጣ ሰው አዲሱን አድራሻውን በ5 ቀን ውስጥ ኢኦአይአር-33 በሚባለው ቅጽ ለፍርድ ቤቱ ማሳወቅ አለበት፤ ለአይስ መንገሩ ለፍርድ ቤቱ እንደ መንገር አይቆጠርም፤ ሁለቱ የተለያዩ መሥሪያ ቤቶች ናቸው። ጉዳዩ ወደ ሌላ ከተማ ፍርድ ቤት ሊዛወር፣ ቀኑም ሊቀየር ስለሚችል በየሳምንቱ መመልከት ያስፈልጋል። እግሩ ላይ መከታተያ ታስሮበትም ከሆነ ባትሪው የሚሞላበት ሰዓት፣ እሱ የሚቀርብበት ቀን አለ። ከወራት እስር የወጣ ሰው እንቅልፍ አጥቶ፣ ሥራ አጥቶ፣ ዕዳ ተሸክሞ ይህን ሁሉ ብቻውን ማስታወስ አይሆንለትም። ከቡድኑ ሁለት ሰዎች በስም ይመደቡለት፤ አንደኛው ቀጠሮውን የሚከታተል፣ ሌላው በቀጠሮው ጠዋት መኪና ይዞ በሩ ላይ የሚቆም።