በኪራይ ቤት ኮርኒስ ላይ የዋይፋይ ማሰራጫ ስለ መግጠም

በደብረ ብርሃንም ሆነ በሌሎች የሰሜን ሸዋ ከተሞች በድንጋይ ወይም በብሎኬት በተሠሩ የኪራይ ቤቶች ውስጥ ወፍራሙ ግድግዳ የዋይፋይን ሞገድ፣ በተለይም የ5 ጊጋኸርዙን፣ በእጅጉ ስለሚያዳክመው ሳሎን ጥግ የተቀመጠ ራውተር ለመኝታ ቤቱ አይበቃም። ኮርኒስ ላይ የሚገጠም ማሰራጫ (ከራውተሩ ጋር በገመድ ተገናኝቶ ዋይፋይ የሚያሰራጭ መሣሪያ) ሞገዱን ወደ ታችና ወደ ጎን እንዲበትን ሆኖ የተሠራ ከመሆኑም በላይ ቁም ሣጥንና ፍሪጅ አይጋርዱትም።

ኮርኒሱ ግን የአከራይ ንብረት ነው። ስለዚህ ድሪል ከመያዝ በፊት ቦታውን በእጅ እያሳዩ፣ «እትዬ፣ ቤቱን ስለቅ ቀዳዳውን በስቱኮ ደፍኜ ቀለም አስቀባዋለሁ» ብሎ መስማማትና ኮርኒሱን እንዳለ ፎቶ ማንሳት ይገባል። ስምምነቱ ከኪራይ ውሉ ጋር በጽሑፍ ቢያያዝ የበለጠ እመርጣለሁ።

ከሁሉ የበለጠ ጥንቃቄ የሚሻው የሚሰቀልበት ነጥብ ነው። የኮርኒሱ ቺፑድ ስስ በመሆኑ ብሎን አጥብቆ አይይዝም፤ ጊዜ ሲያልፍ ይላላና መሣሪያው ከነመያዣው ሊወድቅ ይችላል። ስለሆነም ቺፑዱ የተመታበትን ሞራሌ (የእንጨት አግዳሚ) መፈለግ ያስፈልጋል፤ ይህም የምስማሮቹን ራስ መስመር በመከተል፣ ወይም በጣት እየቆረቆሩ ባዶ የነበረው ድምፅ ድፍን የሚሆንበትን በማዳመጥ ይገኛል። መያዣው ቢያንስ በሁለት ብሎኖች ሞራሌው ላይ መታሰር አለበት። የአቡጀዴ ኮርኒስ ክብደት ስለማይሸከም በዚያ ቤት መሣሪያውን ግድግዳው ላይ ከፍ አድርጎ መግጠም ይሻላል። የክረምት ዝናብ ያንጠባጠበበት ምልክት ያለበትን ቦታም መተው ነው። መሣሪያውን ለውበት ሲባል ከኮርኒሱ በላይ መደበቅ ፈጽሞ አይገባም፤ ቆርቆሮው ሞገዱን ያንጸባርቀዋል፣ ፀሐይ ሲመታውም ሥሩ ያለውን አየር ያግለዋል።

ከኮርኒሱ በላይ የመብራት ገመዶች እንዲሁ ተዘርግተው ስለሚገኙ፣ ከመብሳት በፊት ኃይሉን ከቆጣሪው ማጥፋት ግድ ነው፤ በባትሪ በሚሠራ ድሪል መጠቀምም ይመከራል።

አብዛኞቹ ማሰራጫዎች ኤሌክትሪክና ዳታ የሚያገኙት በአንድ የኔትወርክ ገመድ ስለሆነ አጠገባቸው ሶኬት አያስፈልግም። በዚህ ገመድ ኤሌክትሪክ የሚልከው ኃይል ሰጪ ግን ከመሣሪያው ጋር መጣጣም አለበት፤ ለ24 ቮልት የተሠራውን ከ48 ቮልት ጋር ማገናኘት ሊያቃጥለው ይችላል። ገመዱ ንጹሕ መዳብ ይሁን፤ በመዳብ የተለበጠ አሉሚኒየም ኃይል ያባክናል፣ ይሞቃልም። በኔትወርክ ገመድ ደንብ መሠረት ርዝመቱ ከ100 ሜትር መብለጥ የለበትም። ገመዱን በኮርኒሱ ውስጥ ማሳለፍ ለዓይን ቢያምርም አይጥ ሊበላው ይችላል፤ በግድግዳው ጠርዝ በፕላስቲክ መሸፈኛ ማውረዱ ይሻላል፣ ግድግዳም አያስበሳም። መብራት ሲጠፋ አገልግሎቱ እንዳይቋረጥ ራውተሩንና ኃይል ሰጪውን ከአንድ አነስተኛ ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ ከባትሪው ኃይል የሚሰጥ መሣሪያ) ጋር ማገናኘት ይቻላል።

በ2.4 ጊጋኸርዙ ሞገድ ከቻናል (የማሰራጫ መስመር) 1፣ 6 እና 11 ጎረቤት ያላጨናነቀውን መምረጥ ያስፈልጋል፤ በተለይ አንድ ግቢ ውስጥ ብዙ ተከራይ ካለ ይህ ልዩነት ያመጣል። ከዚያም የየክፍሉን በር ዘግቶ በስልክ መሞከር ነው።

ቤቱን ሲለቁ መሣሪያውን ፈትቶ፣ ቀዳዳውን ደፍኖና ቀለም ቀብቶ፣ በመጀመሪያ ከተነሣው ፎቶ ጋር ከአከራይ ጋር ሆኖ ማስተያየት ይገባል።