የጠፈር ወዳጆች ስክሪን መልኩን ሲቀይር፦ ቅሬታው፣ ምክንያቱና መፍትሄው

የጠፈር አፍቃሪዎች የሚገናኙበት መተግበሪያ ወይም ድረ ገጽ ገጽታው በተቀየረ ማግስት ቅሬታ ይዘንባል። ብዙ ዲዛይነሮች «ሰው ለውጥ አይወድም» ብለው ያልፉታል። እኔ በዚህ አልስማማም። ቅሬታው ውስጥ አብዛኛውን ጊዜ ሊጠገን የሚችል ነገር አለ።

«ስልኬን አይቼ ቀና ስል ከዋክብቱ ጠፉብኝ»

ከሁሉም የከፋው ይህ ነው። ሰማይ የሚያይ ሰው ስልኩን የሚከፍተው ጨለማ ውስጥ ቆሞ ነው። በደብዛዛ ብርሃን እንድናይ የሚያደርጉን ሮድ የሚባሉት የዓይን ህዋሳት ሮዶፕሲን የሚባል ንጥረ ነገር አላቸው። ብርሃን ሲያገኘው ይፈርሳል፣ ጨለማ ውስጥ ደግሞ ቀስ እያለ ይታደሳል። ዓይን ጨለማውን በደንብ እስኪለምድ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይፈጅበታል። ነጭ ስክሪን ያንን ሁሉ በሰከንዶች ያጠፋዋል። የአንድሮሜዳን ጋላክሲ በባዶ ዓይን ለማየት ግማሽ ሰዓት የጠበቀ ሰው ቢናደድ አይፈረድበትም።

ዳርክ ሞድ፣ ማለትም መደቡን ጥቁር የሚያደርገው ገጽታ፣ ብቻውን አይበቃም። ጥቁር ላይ የተጻፈ ደማቅ ነጭ ጽሑፍም ዓይን ይረብሻል። የሚያስፈልገው ቀይ ነው፤ ሮዶፕሲን ለቀይ ብርሃን ብዙም ምላሽ አይሰጥምና። ስቴላሪየምን የመሰሉ የሰማይ ካርታዎች የምሽት ገጽታቸውን ቀይ ያደረጉት ለዚህ ነው። ግን ደማቅ ቀይም ይጎዳል፣ ደብዘዝ ማለት አለበት። ደግሞ ገጹ እስኪከፈት ብልጭ የምትለዋን ነጭ ስክሪን አትርሱ። አንዷ ብልጭታ በቂ ናት።

ዲዛይኑ እስኪስተካከል ተጠቃሚው ራሱ ማድረግ የሚችለው ነገር አለ። አይፎን ላይ ከተደራሽነት ቅንብሮች ውስጥ የቀለም ማጣሪያውን ወደ ቀይ መቀየር ይቻላል። አዳዲስ አንድሮይድ ስልኮች ደግሞ ብርሃኑን ከተለመደው በታች የሚያወርድ አማራጭ አላቸው። ማታ ስክሪኑን ብጫማ የሚያደርገው አማራጭ ግን ለዚህ ሥራ አይሆንም።

«ጥቁሩ ላይ ጽሑፉ ይደበዝዝብኛል»

መደቡ ሲጠቁር የዓይን ብሌን ይሰፋል። አስቲግማቲዝም (የዓይን ቅርጽ አለመስተካከል) ያለበት ሰው ያኔ የነጩ ፊደል ጠርዝ ሲፈስ ይታየዋል። መደቡን ጥቁር ግራጫ፣ ጽሑፉን ደግሞ ደብዘዝ ያለ ነጭ አድርጉት፤ ፊደሉንም ትንሽ አወፍሩት። ግን ልኩን አትለፉ። የድረ ገጽ ተደራሽነት መመሪያ በተራ ጽሑፍና በመደቡ መካከል ቢያንስ 4.5 ለ 1 የብርሃን ልዩነት ይጠይቃል።

እዚህ ላይ ሁለቱ ቅሬታዎች ይጋጫሉ። ውጭ ለቆመው ሰው ፍጹም ጥቁር ይሻላል፣ ቤት ተቀምጦ ለሚያነበው ግራጫ። ሁለቱን በአንድ ገጽታ ለማስታረቅ መሞከር ሁለቱንም ያስከፋል። ለየብቻ ሥሩላቸው።

«ያነሳሁት ፎቶ ተበላሸ»

አዲሱ ገጽታ ምስሎችን አሳንሶና ጨምቆ ሊሆን ይችላል። ለቤተሰብ ፎቶ ብዙም አይታወቅም። በኔቡላ (በጠፈር ያለ የጋዝና የአቧራ ደመና) ፎቶ ላይ ግን ደብዛዛዎቹ ከዋክብት ይጠፋሉ፣ ለስላሳው ጭስ አራት ማዕዘን በአራት ማዕዘን ይሆናል። ሰውየው ሌሊቱን ሙሉ የለቀመው ብርሃን ነው። ሙሉው ምስል በአንድ ንክኪ ይከፈት፤ በካሬ አትቁረጡት፤ ዙሪያውንም ጨለማ አድርጉለት። ነጭ ዙሪያ የምስሉን ጥቁር ክፍል ዝርዝር ይውጠዋል።

«ምኑ እንደሆነ አላውቅም፣ ብቻ ጠላሁት»

ይህኛው በቀለም ኮድ አይፈታም። ናሳን እዩ። በፈረንጆች አቆጣጠር በ1959 የወጣውን ክቡን ሰማያዊ አርማ በ1975 ቀይሮ «ትሉ» የሚል ቅጽል ስም የወጣለትን ቀይ ጽሑፍ አመጣ። ከድሮው አርማ ጋር የኖሩት ሠራተኞች ብዙዎቹ ከፋቸው። በ1992 ክቡ ተመለሰ። ያኔ ደግሞ ቀዩን የወደዱት አዘኑ። በ2020 ጠፈርተኞችን በጫነው ፋልኮን 9 ሮኬት ላይ ቀዩ እንደገና ብቅ አለ። ዛሬ ሁለቱም በሥራ ላይ ናቸው።

ሰው የሚያዝነው የራሱን ትዝታ ስላየበት ነው። ስለዚህ የድሮውን ገጽታ ለጥቂት ወራት በምርጫ አቆዩለት፣ አርማውንም ከነአካቴው አታጥፉት። ወደ ድሮው የተመለሱትን ምን እንደጎደላቸው ጠይቋቸው። መልሱ «ማታ አላይበትም» ከሆነ፣ ከላይ ወደ መጀመሪያው ቅሬታ ተመለሱ።