በብርድ አገር ጓሮ ኮምፖስት እንዴት ይዘጋጃል?

በሰሜን ሸዋ ደጋ እበት ለመሬት ብዙ አይተርፍም። ኩበት ሆኖ ይነዳል። ማገዶ ውድ ነው፣ የደብረ ብርሃንና የአንኮበር ብርድም አይጣል ነው። ስለዚህ «ኩበት አታንድዱ» ብዬ አልጀምርም። ከየቤታችን በየቀኑ ተጠርጎ ከሚጣለው ልጀምር። የድንችና የካሮት ልጣጭ፣ የጎመን ግንድ፣ የቡና አተላ፣ የእንቁላል ቅርፊት አለ። ጠላ ከተጠመቀና አተላውን ከብት ካልጠጣው እሱም አለ። ይህ ሁሉ ከገለባና ከበግ በጠጥ ጋር ተደባልቆ ሲበስል ለጓሮ አትክልት ኮምፖስት የሚባለው ጥሩ ማዳበሪያ ይወጣዋል፤ ያለ ምንም ወጪ።

የሚሻለው ጊዜ መስከረምና ጥቅምት ነው። ክረምቱ ወጥቷል፣ ሣሩና አረሙ እንደ ልብ ነው። በደጋ ኮምፖስት ለመብሰል ከ4 እስከ 6 ወር ሊፈጅበት ስለሚችል ያኔ የተሠራው ለሰኔ ተከላ በደንብ ይደርሳል። አረሙን ግን ዘር ሳያፈራ እጨዱት።

ትልቁ ነገር መጠኑ ነው። ኮምፖስትን የሚያበስሉት በዓይን የማይታዩ ጥቃቅን ተሕዋስያን ናቸው፤ ሲሠሩ ሙቀት ያወጣሉ። ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። በዚህ ብርድ በየቀኑ ጥቂት ልጣጭ እየጣሉ የሚያጠራቅሙት ትንሽ ክምር አይሞቅም፤ ወሩን ሙሉ እንዳለ ይቀመጣል። ስለዚህ ደረቁን በጆንያ አጠራቅሙ፣ አረሙን እጨዱ፣ ከዚያ በአንድ ቀን ከምሩት። ቁመቱም ወርዱም ከ1 ሜትር ባያንስ ጥሩ ነው።

በበጋ 1 ሜትር ያህል ጉድጓድ መቆፈር ይሻላል፤ ከነፋስ ይከላከላል፣ እርጥበትም ይይዛል። በክረምት ግን ጉድጓዱ ውሃ ይሞላል፣ በተለይ አፈራችሁ ዋልካ ከሆነ። ያኔ ከፍ ያለ ቦታ ላይ ከምሩ።

ከሥር ጭራሮና የባቄላ አገዳ አንድ ስንዝር ያህል አንጥፉ፤ አየር የሚገባው በዚያ ነው። ቀጥሎ አንድ ስንዝር ገለባ። የገብስ ገለባ መኖ ስለሆነ ንጹሑን አታባክኑ፤ ከብቱ ረግጦ የተወው ይበቃል። ውሃ አርከፍክፉበት። በላዩ ግማሽ ስንዝር አረምና ልጣጭ፣ ከዚያ ሁለት ሦስት ጣት በጠጥ ወይም አዛባ። መጨረሻ ላይ ስስ አፈርና አንድ እፍኝ አመድ በትኑ። አመድ ሲበዛ ይጎዳል። እንዲህ እየደራረባችሁ ጨርሱት። በጠቅላላው ደረቁ ሁለት እጅ፣ እርጥቡ አንድ እጅ ቢሆን ይስማማል።

ሥጋ፣ አጥንት፣ ዘይት ያለበት ምግብና የታመመ ተክል አታስገቡ። የባህር ዛፍ ቅጠልም ቶሎ ስለማይበሰብስ ቢቀር ይሻላል።

ክምሩ መሃል ረጅም እንጨት ሰክታችሁ ላዩን በገለባ፣ ከዚያም በላስቲክ ወይም በአሮጌ ጆንያ ሸፍኑ። አየር የሚያስገባ ክፍተት ተዉለት። ከሳምንት በኋላ እንጨቱን መዝዛችሁ በእጃችሁ ዳስሱት። ሞቅ ብሎ ከረጠበ ሥራው ተጀምሯል። ቀዝቅዞ ከደረቀ ውሃ ይፈልጋል። ከቀዘቀዘና ከሸተተ ውሃ በዝቶበታልና ደረቅ ገለባ እየጨመራችሁ አገላብጡት። ከውስጡ አንድ እፍኝ ወስዳችሁ ጨምቁ፤ አንድ ሁለት ጠብታ ካወጣ እርጥበቱ ልክ ነው።

ከ3 ሳምንት በኋላ በደንብ ይገላበጥ። ከዳር ያለው ወደ መሃል ይግባ፣ ምክንያቱም ዳሩ በብርድ ሳይበስል ይቀራል። ከዚያ በየወሩ አንዴ ይበቃል። ጠቁሮ፣ ተፈርፍሮ፣ ዝናብ የነካው አፈር አፈር ሲሸትና ምን እንደነበረ መለየት ሲያቅት ደርሷል።

መደቡ ላይ ሁለት ሦስት ጣት ውፍረት በትናችሁ ከላይኛው አፈር ጋር ቀላቅሉት። ለደጋ ጎመን፣ ቆስጣ፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ድንችና ካሮት ይስማማሉ። ቲማቲምና በርበሬ ብርዱን አይችሉም፤ ለሸዋሮቢት ቆላ እንተውላቸው። ከጥቅምት እስከ ታህሳስ ሌሊት ውርጭ ስለሚጥል ለጋ ችግኝ ማታ በገለባ ወይም በጆንያ ይሸፈን፣ ጠዋት ፀሐይ ስትወጣ ይገለጥ። ሲበተን ሳይበሰብስ የተገኘ አገዳ ካለ አትጣሉት፣ ለሚቀጥለው ክምር ከሥር ይነጠፋል።