ለአረጋውያን ትምህርት ለመጀመር ላሰባችሁ
በደሴ ለአረጋውያን የንባብ ወይም የሞባይል አጠቃቀም ትምህርት ለመጀመር ያሰበ ሰው አዳራሽ ከመፈለጉ በፊት የሰፈሩን የቅሬ (በወሎ እንደ እድር ያለ የመረዳጃ ማኅበር) ሽማግሌዎች ቢያማክር ይበጀዋል፤ ቅሬ በብዙ ሰፈር ሙስሊሙንም ክርስቲያኑንም ስለሚያሰባስብ ብቻቸውን የሚውሉ እናቶችና አባቶች እነማን እንደሆኑ ከማንም በላይ ያውቃል። ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ስለምትገኝ ጠዋቱ ይበርዳል፤ ዳገቱም ለጉልበት አይመችም። ስለዚህ ትምህርቱ ከረፋዱ 4 ሰዓት በኋላ፣ ሜዳማ በሆነ ቦታ ቢሰጥ ይመረጣል። ዓርብ ለጁምዓ፣ ሰኞ ለገበያ ይተው። በስልክ ትምህርት የመጀመሪያው ሥራ የስልኩን ፊደል ማጉላት ነው፤ ‹‹አልገባኝም›› ከሚሉት አብዛኞቹ፣ በእኔ ግምት፣ ጽሑፉ ያልታያቸው ናቸው። ቡናው ከትምህርቱ በኋላ ይፈላ፤ ቀድሞ ከፈላ ጨዋታው ትምህርቱን ይውጠዋል።