ፖሊሲን ከእናቴ ሳጥን
«የመንግሥት ፖሊሲ» ሲባል ብዙዎቻችን የሚታየን የአዲስ አበባ ስብሰባ ነው። እኔ ቢቸና አካባቢ ነው ያደግኩት፤ መጀመሪያ ያየሁት ፖሊሲ እናቴ ሳጥን ውስጥ የምታስቀምጠው የመሬት ደብተር ነበር።

ስለዚህ ፖሊሲን ለመረዳት ከቤትህ ጀምር። የሚነካህን አንድ ነገር ምረጥ፦ የማዳበሪያ ዋጋ፣ የጤና መድን መዋጮ፣ የልጅህ መማሪያ ቋንቋ። ግብሩም፣ መንገዱም፣ የውጭ ጉዳዩም በዚሁ መንገድ ይነበባል።

ቀጥለህ ሥሩን ፈልግ። የእናቴ ደብተር ሥሩ የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 ነው፤ መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፣ አይሸጥም፣ አይለወጥም። ደብተሩ «ይዞታ» እንጂ «ባለቤትነት» የማይለው ለዚህ ነው። በአፍ መፍቻ ቋንቋ መማር ደግሞ በቀድሞው፣ በ1986ቱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ውስጥ ሰፍሯል።

ከዚያ ደረጃውን ለይ። ፖሊሲ አቅጣጫ ነው። አዋጁን የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ያወጣል፣ ደንቡን የሚኒስትሮች ምክር ቤት፣ መመሪያውን መሥሪያ ቤቱ። የፌዴራሉ አዋጅ በነጋሪት ጋዜጣ፣ የአማራ ክልሉ በዝክረ ሕግ ይታተማል።

ይህን ሳላውቅ አንድ ቢሮ «መመሪያው አይፈቅድም» ብሎ ሦስት ቀን አመላልሶኛል። በአራተኛው ቀን «እስቲ ቁጥሩን ንገሩኝ» አልኩ። ሰውዬው ዝም ብሎ ማኅተሙን መፈለግ ጀመረ።