የቤት ኤሌክትሮላይት መጠጥ አልሠራ ሲል፦ ችግሩ፣ ምክንያቱና መፍትሄው

በቤት ውስጥ የሚዘጋጅ የኤሌክትሮላይት (በጨው ውስጥ እንዳለው ሶዲየም ያሉ፣ በሰውነት ፈሳሽ ውስጥ የሚገኙ ማዕድናት) መጠጥ ከውሃ፣ ከጨው፣ ከስኳርና ከጥቂት የፍራፍሬ ጭማቂ በስተቀር ሌላ ነገር አይፈልግም። ግብዓቶቹ ይህን ያህል ጥቂት ስለሆኑ መጠጡ አልሠራ ሲል ጥፋቱ በአብዛኛው የሚገኘው በመጠናቸው ላይ ነው። ሰዎች ግን መጠኑን መመርመር ትተው የጨውን ቀለምና የማሩን ዓይነት ሲለዋውጡ ይከርማሉ። ውሃው ንጹሕ፣ እጅና ዕቃው የታጠበ መሆን እንዳለበት አንባቢ ያውቃል ብዬ አልፌዋለሁ።

ከምልክቶቹ በፊት መነሻ ልኬቶቹን ማስቀመጥ ያስፈልጋል። በሥራ ወይም በስፖርት ምክንያት ብዙ ላብ ለሚወጣው ጤናማ አዋቂ ለ1 ሊትር ውሃ 40 ግራም ስኳር፣ 1.5 ግራም ደቃቅ ጨውና የአንድ ሎሚ ጭማቂ ይበቃል፤ ይህ ወደ 590 ሚሊግራም የሚጠጋ ሶዲየም ይሰጣል። ለተቅማጥ የሚሰጠው መጠጥ ሌላ ነው። ከሁሉ የሚሻለው በፓኬት የሚገኘው ኦ አር ኤስ (በውሃ ተበጥብጦ የሚጠጣ የጨውና የግሉኮስ ዱቄት) ሲሆን፣ እሱ በማይገኝበት ጊዜ 6 ልሙጥ የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ ልሙጥ የሻይ ማንኪያ ደቃቅ ጨው በ1 ሊትር ውሃ ይበጠበጣል። የስድስቱ ማንኪያ ልክ ዝም ብሎ የተመረጠ አይደለም፤ 25 ግራም ገደማ የሆነው ይህ ስኳር በአንጀት ውስጥ ሲፈጭ ግማሹ ግሉኮስ ይሆናል፤ ይህም በአንድ ሊትር የኦ አር ኤስ ቀመር ውስጥ ካለው 13.5 ግራም ግሉኮስ ጋር ይቀራረባል። ሁለቱን መጠጦች አንዱን በሌላው መተካት አይገባም።

ምልክት፦ መጠጡ ሲጠጣ ጥማት ይብሳል፣ አፍ ይደርቃል፣ ያቅለሸልሻል፣ አንዳንዴም ሆድ ያላላል

ደጋግሞ የሚያጋጥመኝ ይህ ስለሆነ ሰፋ አድርጌ እጽፈዋለሁ። ምክንያቱ ጨው መብዛቱ ነው። ሰዎች ይህን ሲሰሙ «እኔ ሁልጊዜ በአንድ ማንኪያ ነው የምለካው» ብለው ይከራከራሉ፤ ችግሩም የሚጀምረው እዚያው ማንኪያው ላይ ነው። አንድ ልሙጥ የሻይ ማንኪያ ደቃቅ የገበታ ጨው 6 ግራም ያህል ይመዝናል። ያው ማንኪያ ቅጠል ቅጠል የሚመስለውን ሻካራ ጨው ሲይዝ ክብደቱ በግማሽ ሊወርድ ይችላል፣ ምክንያቱም በፍሬዎቹ መካከል ያለው ክፍተት በአየር የተሞላ ነው። ማንኪያው ከተከመረ ደግሞ ሌላ ግማሽ ማንኪያ ይጨመርበታል። ስለዚህ «አንድ ማንኪያ ጨው» የሚለው ቃል እንደ ጨው ዓይነቱና እንደ ሰፋሪው እጅ 3 ግራምም 9 ግራምም ሊሆን ይችላል።

አንድ ብስክሌት ነጂ ለወራት ሲስማማው የቆየው መጠጥ በድንገት ማቅለሽለሽ እንዳመጣበት ነግሮኝ ነበር። ሎሚውን ቀይሯል፣ ስኳሩን ቀንሷል፣ ጠርሙሱን ሳይቀር ጥሎ አዲስ ገዝቷል። ያልጠቀሰው ነገር ቢኖር ሻካራው ጨው አልቆበት ደቃቁን መጠቀም መጀመሩ ነው። ማንኪያው አልተለወጠም፣ የማንኪያው ብዛትም አልተለወጠም፤ የጨው ክብደት ግን እጥፍ ሆኗል። በሌላ ጊዜ ያየሁት ሰው ጨውን በጥንቃቄ በግራም መዝኖ፣ አንድ ሊትር ይይዛል ብሎ ባመነው ጠርሙስ ውስጥ ይበጠብጥ ነበር። ጠርሙሱ የሚይዘው 600 ሚሊ ሊትር ስለነበረ የለካው 1.5 ግራም በሊትር ሲሰላ 2.5 ግራም ሆነ። ጠርሙስ በዓይን አይለካም፤ ግርጌው ላይ የተጻፈውን ማንበብ ወይም በመለኪያ ኩባያ ውሃ ሞልቶ ማረጋገጥ የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው።

ሦስተኛው መንገድ አለመሟሟት ነው፤ ይህ በተለይ ብዙ ሰው ከአንድ ማሰሮ ወይም ጀሪካን ሲጠጣ ይታያል። ጨውና ስኳር በበረዶ በቀዘቀዘ ውሃ ላይ ተነስንሶ ሁለት ጊዜ ብቻ ከተማሰለ አብዛኛው ግርጌ ይተኛል። የመጀመሪያው ጠጪ «ጣዕም የለውም» ይላል፣ አዘጋጁም ሌላ ጨው ይጨምራል፣ የመጨረሻዎቹ ጠጪዎች ግን ጨው የተከማቸበት ውሃ ይደርሳቸዋል። ከዚያ በኋላ «ለአንዳንዱ ሰው ይስማማል፣ ለአንዳንዱ አይስማማም» የሚል ወሬ ይነሳል፤ ሰዎቹ ግን የጠጡት አንድ መጠጥ አልነበረም። ጨውና ስኳርን በመጀመሪያ በጥቂት ለብ ያለ ውሃ አሟሙቶ፣ ቀሪውን ቀዝቃዛ ውሃ ቀጥሎ መጨመር ይህን ሙሉ በሙሉ ያስቀራል።

ጨው ሲበዛ ጥማት የሚብሰው ለምንድን ነው? በደም ውስጥ የተሟሙ ቅንጣቶች ትኩረት፣ ማለትም ውፍረታቸው፣ በሊትር 290 ሚሊኦስሞል (የቅንጣቶቹ ብዛት መለኪያ) ገደማ ነው። ወደ አንጀት የገባው መጠጥ ከዚህ በእጅጉ ከበለጠ፣ ውሃ ከአንጀት ወደ ደም ከመግባቱ በፊት በተቃራኒው ከሰውነት ወደ አንጀት ይሳባል። መጠጡን ማወፈር ማጠንከር እንዳልሆነ የዓለም ጤና ድርጅትና ዩኒሴፍም በቀመራቸው አሳይተዋል፤ እ.ኤ.አ. በ2002 የኦ አር ኤስን ትኩረት በሊትር ከ311 ወደ 245 ሚሊኦስሞል አወረዱት፣ ሶዲየሙንም ከ90 ወደ 75 ሚሊሞል ቀነሱት።

መፍትሄው መመዘን ነው። አንድ ግራምን ብቻ የሚለይ የወጥ ቤት ሚዛን 1.5 ግራምን በትክክል አይመዝንም፤ ቁጥሩ በ1 እና በ2 መካከል ይዋልላል። ስለዚህ 30 ግራም ጨው ይመዝኑ፣ በውሃ አሟሙተው አጠቃላዩን 200 ሚሊ ሊትር ያድርሱት፤ ከዚህ ብጥብጥ 10 ሚሊ ሊትር በመድኃኒት መለኪያ ሲወሰድ ልክ 1.5 ግራም ጨው ይሆናል። ማስጠንቀቂያ፦ ይህ ብጥብጥ መጠጥ አይደለም፤ በላዩ ላይ በጉልህ ይጻፍበት፣ ልጆች ከማይደርሱበት ቦታ ይቀመጥ፣ የውሃ ጠርሙስ በሚመስል ዕቃ ውስጥ በፍጹም አይገባ። ሚዛን ከሌለ የጤና ሠራተኞች የሚያስተምሩት የጣዕም ፈተና አለ፤ መጠጡ ከእንባ በላይ ጨዋማ መሆን የለበትም። ለታመመ ሰው ከመስጠትዎ በፊት ራስዎ ይቅመሱት።

አንዴ ጨው የበዛበትን መጠጥ ስኳር በመጨመር ለማዳን መሞከር ትልቅ ስንፍና ነው፤ ጣዕሙ ይሸፈናል፣ ትኩረቱ ግን ይብስ ይጨምራል። የጨመሩት ልክ የሚታወቅ ከሆነ በዚያው ልክ ውሃ ይጨመር፤ የማይታወቅ ከሆነ ይደፋ። በተቅማጥ የተያዘ ሕፃን ቶሎ እንዲድን በሚል ጨው ጨመር አድርገው የሚሰጡ ሰዎች አሉ፤ ይህ በሕፃኑ ደም ውስጥ ያለውን ሶዲየም ከልክ በላይ ከፍ አድርጎ እስከ መንቀጥቀጥና ሞት ሊያደርስ የሚችል ነገር ነው። በጣት ቆንጥሮ መለካትም ለሕፃን አይሆንም።

ምልክት፦ መጠጡ ሆድ ውስጥ ይንቦጫረቃል፣ ይነፋል፣ ከዚያም ተቅማጥ ይከተላል

ምክንያቱ ስኳር መብዛቱ ነው። ስኳር በመጠጡ ውስጥ የሚገባው ለጣዕም ወይም ለጉልበት ብቻ አይደለም። በትንሹ አንጀት ግድግዳ ላይ ሶዲየምንና ግሉኮስን አንድ ላይ የሚያስገባ ማጓጓዣ ፕሮቲን አለ፤ ሁለቱ ሲገቡ ውሃ ይከተላቸዋል። የባዮኬሚስትሪ ተመራማሪው ሮበርት ክሬን ይህን አሠራር እ.ኤ.አ. በ1960 ካቀረበ በኋላ ነው የኦ አር ኤስ ሳይንሳዊ መሠረት የተጣለው። እ.ኤ.አ. በ1971 በባንግላዴሽ ጦርነት ወቅት ሕንዳዊው ሐኪም ዲሊፕ ማሃላናቢስ በስደተኞች መጠለያ ኮሌራ የያዛቸውን ሰዎች በጨውና በግሉኮስ ብጥብጥ ሲያክም የሟቾች ቁጥር በእጅጉ ቀንሷል። ይሁን እንጂ የማጓጓዣው አቅም ውስን ነው፤ ከአቅሙ በላይ የሆነው ስኳር አንጀት ውስጥ ቀርቶ ውሃ ይስባል፣ ጨጓራም ከ8 በመቶ በላይ ስኳር ያለውን መጠጥ ቀስ ብሎ ያሳልፋል።

እዚህ ላይ ዋናው ጥፋተኛ «ተፈጥሯዊ ነው» እየተባለ ሳይቀጠን የሚጠጣው የፍራፍሬ ጭማቂ ነው። አብዛኛው ጭማቂ በሊትር 100 ግራም ገደማ ስኳር አለው፣ ሶዲየም ግን የለውም ማለት ይቻላል። ጭማቂ መጠቀም የሚፈልግ ሰው 200 ሚሊ ሊትር የብርቱካን ጭማቂ ከ800 ሚሊ ሊትር ውሃ ጋር ይቀላቅል፣ የሚጨምረውንም ስኳር ከ40 ወደ 20 ግራም ይቀንስ፤ ጨው እንዳለ ይሆናል። በማር የሚተካ ሰው ደግሞ በማንኪያ ሳይሆን በግራም ይተካ፤ አንድ የሻይ ማንኪያ ማር ክብደቱ ከአንድ የሻይ ማንኪያ ስኳር ይበልጣል። አንድ ዓመት ላልሞላው ሕፃን ማር በምንም መልክ አይሰጥም፤ ቦቱሊዝም የተባለውን ከባድ መመረዝ ሊያስከትል ይችላል።

ምልክት፦ የተጠጣው ሁሉ ወዲያው በሽንት ይወጣል፣ ድካሙ ግን አልለቀቀም

ሶዲየሙ ጥቂት ነው፣ ወይም ስኳሩ በሰው ሠራሽ ማጣፈጫ ተተክቷል። ማጣፈጫ ምላስን እንጂ የአንጀትን ማጓጓዣ አያታልልም። ውሃ ውስጥ የሎሚና የኪያር ክፋይ አንሳፎ «ኤሌክትሮላይት» ብሎ መሰየምም እዚሁ ይመደባል። የኮኮናት ውሃ ፖታሲየሙ ብዙ፣ ሶዲየሙ ጥቂት ስለሆነ ብዙ ላብ ላወጣ ሰው ጨው ሳይጨመርበት አይበቃም፤ በላብ የሚወጣው ሶዲየም ከፖታሲየሙ በብዙ እጥፍ ይበልጣልና። ቢጫነቱ ያልለቀቀ ሽንት ያሳሰበው ሰው ደግሞ መጠጡን ከመክሰሱ በፊት ሽንትን ቢጫ የሚያደርገውን የቫይታሚን ቢ እንክብል መዋጥ አለመዋጡን ያስታውስ።

ለረጅም ሰዓት ለሚሮጥ ወይም በሙቀት ለሚሠራ ሰው ብርቱ ማስጠንቀቂያ አለ። ሳይጠማ ውሃ በላይ በላይ መጠጣት የደምን ሶዲየም ዝቅ ያደርጋል። እ.ኤ.አ. በ2002 የቦስተን ማራቶን ላይ ከተመረመሩት 488 ሯጮች መካከል 13 በመቶ የሚሆኑት ሶዲየማቸው ከጤናማው መጠን በታች ወርዶ ተገኝቷል። የቤት መጠጡም ከዚህ አደጋ አያድንም፤ ሶዲየሙ ከደም ሶዲየም በጣም ያነሰ ስለሆነ ከልክ በላይ ሲጠጣ ውጤቱ አንድ ነው። ከሥራው በኋላ የሰውነት ክብደት ከጨመረ የተጠጣው ከሚገባው በላይ ነው። ራስ ምታት፣ ግራ መጋባትና ትውከት ከታዩ ተጨማሪ መጠጥ አይሰጥም፤ ሐኪም ይፈለጋል።

ምልክት፦ ጡንቻ ይሸማቀቃል

መንስኤው ሁልጊዜ ኤሌክትሮላይት አይደለም፤ የጡንቻ ድካምም ያመጣዋል። ሮዝ ጨው መግዛት መፍትሄ አይሆንም፤ እሱም በአብዛኛው ያው ሶዲየም ክሎራይድ ነው፣ ሌሎቹ ማዕድናት በ1.5 ግራም ውስጥ ለቁጥር የሚበቁ አይደሉም። ለእግር መዘፍዘፊያ የሚሸጠውን የማግኒዥየም ጨው መጠጥ ውስጥ የሚጨምሩ ሰዎች ያስገርሙኛል፤ ሆድ የሚያስቀምጥ ነገር ነው፣ ፈሳሽ ለመተካት የተዘጋጀውን መጠጥ ፈሳሽ ማስወጫ ያደርገዋል።

ምልክት፦ ገና እንደተጠጣ ይመለሳል

ፍጥነቱ ነው። በትንሽ በትንሹ ይጠጣ፤ ያስመለሰ ልጅ 10 ደቂቃ ታግሶ በማንኪያ ቀስ እየተባለ ይቀጥላል።

ምልክት፦ የሳሙና ወይም የብረት ጣዕም አለው

የሳሙናው ጣዕም አንዳንዶች የሚጨምሩት ቤኪንግ ሶዳ መብዛቱን ያሳያል፤ አንድ የሻይ ማንኪያ ሶዳ ከ1,200 ሚሊግራም በላይ ሶዲየም ስላለው ከጨው ጋር ተደምሮ መቆጠር አለበት፣ ለጤናማ ሰው መጠጥ ደግሞ ባይገባም አይጎድልም። የብረቱ ጣዕም ሎሚ ያለበት መጠጥ በአሉሚኒየም ወይም በመዳብ ዕቃ ውስጥ ሲያድር የሚመጣ ነው፤ ይደፋና በብርጭቆ ወይም በአይዝጌ ብረት ዕቃ እንደገና ይዘጋጃል።

ምልክት፦ አረፋ ያወጣል፣ ይሸታል

ስኳርና ጭማቂ ያለበት ውሃ ለረቂቅ ሕዋሳት ጥሩ ምግብ ነው። ማቀዝቀዣ ውስጥ ቢሆንም ከ24 ሰዓት በኋላ ይደፋ። ትናንት የተዘጋጀውን አፍልቶ ማደስ አይቻልም፤ ሲፈላ ውሃው እየተነነ ጨውና ስኳሩ ይወፍራል፣ ችግሩም ወደ መጀመሪያው ምልክት ይመለሳል። ዕቃው ታጥቦ ሽታው ከቀጠለ የክዳኑ ጎማ ይነቀልና ይታጠብ።

በመጠን ማስተካከል የማይፈቱ ሁኔታዎችም አሉ። የኩላሊት፣ የልብ ወይም የደም ግፊት ሕመም ያለበት ሰው ሐኪሙን ሳያማክር እነዚህን መጠጦች አዘውትሮ አይጠጣ። በተለይ ከፖታሲየም ክሎራይድ የተሠራው «ሶዲየም አልባ ጨው» ለኩላሊት ሕመምተኛ የልብ ምትን እስከ ማዛባት የሚደርስ አደጋ አለው። በተቅማጥ የተያዘ ሰው፣ በተለይም ሕፃን፣ ዓይኑ ከጎደጎደ፣ ከፈዘዘ፣ መጠጣት ካቃተው፣ ሽንቱ ከቆመ ወይም በሰገራው ደም ከታየ የቤት ልኬት ማስተካከሉ ይቅርና ወዲያውኑ ወደ ጤና ተቋም ይወሰድ፤ መዋጥ የሚችል ከሆነ መንገድ ላይ ኦ አር ኤሱን በማንኪያ እየሰጡ፣ ጡት የሚጠባም ከሆነ እያጠቡ መሄድ ይገባል።