ኪቦርዱ በተኑን ሲሸፍነው፦ በፍላተር የስክሪን ኪቦርድን እንዴት እንቆጣጠራለን?

በፍላተር (የስልክ አፕ መሥሪያ) ፎርም ሠርታችኋል እንበል። ስም፣ ስልክ፣ የይለፍ ቃል፣ ታች ደግሞ «ላክ» የሚል በተን። ኮምፒውተሩ ላይ ስታዩት አሪፍ ነው። እውነተኛ ስልክ ላይ ስትከፍቱት ግን ኪቦርዱ ብቅ ይልና የስክሪኑን ትልቅ ክፍል ይወስዳል። በተኑ የለም። ተጠቃሚውም ኪቦርዱን ምን ነክቶ እንደሚያጠፋው ግራ ይገባዋል።

ብዙ ጀማሪ እዚህ ጋ ሲደርስ «ኪቦርድ ክፈት»፣ «ኪቦርድ ዝጋ» የሚል ትእዛዝ ፍለጋ ይገባል። ኪቦርዱ ግን የስልኩ እንጂ የአፓችን አይደለም። የሚመጣው የጽሑፍ ሳጥን ፎከስ ሲያገኝ፣ ማለትም ጽሑፍ ለመቀበል ሲመረጥ ነው፤ የሚሄደውም ሳጥኑ ፎከሱን ሲለቅ። ስለዚህ ሥራችን ሁለት ነው፦ ፎከሱን መምራት፣ ከዚያም ኪቦርዱ ለሚወስደው ቦታ ስክሪኑን ማዘጋጀት።

1. ለሳጥኑ የሚስማማውን ኪቦርድ ምረጡ

ቴክስትፊልድ (የጽሑፍ ሳጥኑ) «ኪቦርድ ታይፕ» የሚባል ፕሮፐርቲ አለው። ለስልክ ቁጥር የስልኩን፣ ለኢሜይል የኢሜይሉን ስጡት። የኢሜይሉን ስትመርጡ የ@ ምልክት አብዛኛውን ጊዜ ከፊት ይመጣል። ዋጋ የሚሞላበት ሳጥን ከሆነ ተራው የቁጥር ኪቦርድ ነጥብ ላይኖረው ስለሚችል ዴሲማል የሚፈቅደውን አማራጭ ተጠቀሙ።

ኪቦርድ መምረጥ ማጣሪያ አይደለም። ተጠቃሚው ከሌላ ቦታ ፊደል ኮፒ አድርጎ ቁጥር ሳጥን ውስጥ ፔስት ቢያደርግ ምንም አያግደውም። ቁጥር ብቻ እንዲገባ ከፈለጋችሁ «ኢንፑት ፎርማተርስ» ላይ ዲጂት ብቻ የሚያሳልፈውን ፎርማተር ጨምሩ። በነገራችን ላይ ስልክ ቁጥርን እንደ ኢንቲጀር አታስቀምጡ፤ ፊት ያለው ዜሮ ድራሹ ይጠፋል።

ለይለፍ ቃል ፊደሉን ከመደበቅ በተጨማሪ አውቶኮሬክትንና የቃል ጥቆማን አጥፉ።

2. ጥግ ላይ ያለችውን ቁልፍ ሥራ ስጧት

ኪቦርዱ ታች በስተቀኝ ያለችው ቁልፍ «ቀጣይ»፣ «ፈልግ» ወይም «ጨርስ» እንድትሆን «ቴክስት ኢንፑት አክሽን» ላይ ይወሰናል። ከመጨረሻው በቀር ላሉት ሳጥኖች «ኔክስት»፣ ለመጨረሻው «ደን» ስጡ። «ኔክስት» ሲሆን ፍላተር ራሱ ፎከሱን ወደሚቀጥለው ሳጥን ያሻግረዋል፤ ኪቦርዱም ሳይጠፋ ይቀጥላል። የአይፎን የቁጥር ኪቦርድ ግን ይህች ቁልፍ የለችውም። ስለዚህ ኪቦርዱን የማጥፊያ ሌላ መንገድ የግድ ያስፈልጋል።

3. ባዶ ቦታ ሲነካ ኪቦርዱ ይጥፋ

የገጹን ቦዲ (ዋናውን ይዘት) ንክኪ በሚያዳምጠው ጀስቸር ዲቴክተር ጠቅልሉት። «ኦንታፕ» ላይ የፎከስ ማናጀሩን «ፕራይመሪ ፎከስ» (አሁን ፎከስ ያለበትን) ይዛችሁ «አንፎከስ» በሉት። ባዶውን ቦታ መንካት የማይሰማ ከሆነ የዲቴክተሩን «ቢሄቪየር» ወደ «ኦፔክ» ቀይሩት። ረጅም ሊስት ያለበት ገጽ ከሆነ «ኪቦርድ ዲስሚስ ቢሄቪየር» የሚለውን «ኦንድራግ» አድርጉ፤ ተጠቃሚው ስክሮል ሲያደርግ ኪቦርዱ ይሄዳል።

አንድ የሚዘነጋ ነገር፦ «ላክ» በተን ሲነካ ንክኪውን የሚወስደው በተኑ ነው፤ ውጭ ያለው ዲቴክተር አይሰማውም። ስለዚህ የበተኑ ፈንክሽን ውስጥም «አንፎከስ» መጥራት አለባችሁ።

ኪቦርዱን ብቻ ደብቆ ፎከሱን የማይነካ፣ በሲስተም ቻናል በኩል የሚላክ ትእዛዝም አለ። ሰው ከሰው እየገለበጠ ይጠቀምበታል። እኔ አልመክረውም። ከርሰሩ ሳጥኑ ውስጥ ብልጭ ድርግም እያለ ይቀራል፤ ሳጥኑ አሁንም ፎከስ ይዟልና ሌላ ገጽ ደርሳችሁ ስትመለሱ ኪቦርዱ ሳይጠራ ሊመጣ ይችላል።

ፎከስ ኖድ (የአንድን ሳጥን ፎከስ የሚይዝ ኦብጀክት) ራሳችሁ ከፈጠራችሁ ገጹ ሲዘጋ በሚጠራው «ዲስፖዝ» ውስጥ አጥፉት። ቢልድ ውስጥ ግን አትፍጠሩት፤ ገጹ በተሳለ ቁጥር አዲስ ይወለዳል።

4. ቦታ አዘጋጁለት

ስካፎልድ (የገጹ መዋቅር) ኪቦርድ ሲመጣ ቦዲውን በራሱ ያሳጥረዋል። «ሪሳይዝ ቱ አቮይድ ቦተም ኢንሴት» የሚባለው ፕሮፐርቲ ካልነካችሁት የበራ ነው። ያጠረው ቦታ ለይዘቱ ካልበቃ ግን ቢጫና ጥቁር መስመር ያለው የኦቨርፍሎው ማስጠንቀቂያ ይመጣል። ያኔ ብዙ ሰው ፕሮፐርቲውን ፎልስ አድርጎ ይገላገላል። መስመሩ ይጠፋል፣ በተኑም አብሮ ኪቦርዱ ሥር ይቀበራል። ትክክለኛው መፍትሔ ሳጥኖቹን ከላይ ወደ ታች የደረደረውን ኮለም በሲንግል ቻይልድ ስክሮል ቪው መጠቅለል ነው። ፍላተር ፎከስ ያለበትን ሳጥን ራሱ እስኪታይ ድረስ ያንሸራትተዋል።

የኪቦርዱን ቁመት ማወቅ ካስፈለጋችሁ የስክሪኑን መረጃ ከሚሰጠው ሚዲያኩዌሪ «ቪው ኢንሴትስ» ላይ «ቦተም»ን አንብቡ። 300 ብላችሁ በእጅ አትጻፉ፤ ቁመቱ ከስልክ ስልክ፣ ከኪቦርድ ኪቦርድ ይለያያል። ዜሮ እየመለሰ የሚያስቸግራችሁ ከሆነ ምናልባት ስካፎልዱ ቦዲ ውስጥ ካለ ኮንቴክስት (ኮዱ በገጹ ውስጥ ያለበትን ቦታ ከሚያመለክተው) እያነበባችሁ ይሆናል። ስካፎልዱ ቦታውን አስቀድሞ ስላስተካከለ ለቦዲው ያንን ቁጥር አያሳልፍም። ከስካፎልዱ በላይ ካለው ኮንቴክስት አንብቡት።

ከታች የሚወጣው ቦተምሺት ለብቻው ጣጣ አለው። ሲከፈት «ኢዝ ስክሮል ኮንትሮልድ» ትሩ ይሁን፤ ውስጡ ላለው ይዘት ደግሞ ያንኑ የቪው ኢንሴትስ ቁጥር የታች ፓዲንግ አድርጋችሁ ስጡ። አንዱ ብቻ አይበቃም።

በአንድሮይድ በኩል ማኒፌስቱ (የአፑ መግለጫ ፋይል) ላይ «አጀስት ሪሳይዝ» የሚል መስመር አለ፤ ፍላተር አዲስ ፕሮጀክት ሲፈጥር ራሱ ስለሚያስገባው አትሰርዙት።

5. ሞክሩት

የአይፎን ሲሙሌተር ላይ ኪቦርዱ ጨርሶ ካልታየ ኮዱን አትጠርጥሩ። ሲሙሌተሩ የማኩን ኪቦርድ እየተጠቀመ ነው፤ ኮማንድና ኬን አንድ ላይ ስትጫኑ የስክሪኑ ይመጣል። ከዚያ ትንሽ ስክሪን ያለው ስልክ ፈልጉ፣ የስልኩን ፊደል ከሴቲንግ አተልቁት፣ ስልኩን አግድም አዙሩት። አንድሮይድ ላይ ደግሞ ኪቦርዱን በባክ አጥፍታችሁ ያንኑ ሳጥን እንደገና ንኩት። መልሶ ከመጣና «ላክ»ም በስክሮል የሚደረስ ከሆነ ፎርሙ ለተጠቃሚ ዝግጁ ነው።